ጥሬ ብር፣ ቴሌብር፣ ዱቤ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ለየትኛው ወጪ የትኛው አከፋፈል ይሻላል

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ብርድ ልብስ ልገዛ ገባሁና በ2,400 ብር ተስማማን። ገንዘቡን በባለ 200 ብር ኖት ይዤ ስለነበር አሥራ ሁለት ኖት መቁጠር ነበረብኝ። እስከ አምስተኛው ድረስ እጄ ፈጠን ፈጠን ይል ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን ኖቱን በአውራ ጣቴ እንደያዝኩ ቆምኩና ብርድ ልብሱን እንደገና ገልጬ ስፌቱን ማየት ጀመርኩ። ባለሱቁ ነገሩ ገብቶት "ቴሌብር የለህም እንዴ? በሱ አድርገው፣ ይቀልሃል" አለኝ። የቆጠርኩትን መልሼ ኪሴ ከተትኩ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ይባስ ብዬ ልገዛው ያላሰብኩትን የ350 ብር ትራስ አስጨመርኩ።

ባለሱቁ "ይቀልሃል" ሲል ስለ ጊዜው ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን እሱ ካሰበው በላይ ትክክል ነበር። በእጅ ተቆጥሮ የሚወጣ ገንዘብ የሚያሳድረው ቅሬታ በስልክ ሲከፈል ይለዝባል፣ በዱቤ ሲሆን ደግሞ ለጊዜው ጨርሶ ይጠፋል። ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያገኛቸውን አራት የአከፋፈል መንገዶች፣ ማለትም ጥሬ ብርን፣ የሞባይል ገንዘብን፣ ዱቤንና ቅድሚያ ክፍያን፣ ከዚህ ስሜት አንጻር ያወዳድራል። አቋሜን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሲከፍሉ የሚሰማው ሕመም እንደ ፍሬን ነው። በሐረጎ ቁልቁለት የተመላለሰ ሾፌር ፍሬን የት እንደሚረገጥና የት እንደሚለቀቅ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አብዛኞቻችን ግን በገንዘባችን ላይ የምንረግጠው ዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁለቱን በነፃ እንለቀዋለን።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል አላጣም፤ "ድፍኑን ለመዘርዘር ሳሳሁ" እንላለን፣ "ብሩ አንገበገበኝ" እንላለን። በጥናት ዓለም ግን ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ኦፈር ዘለርማየር የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ "የመክፈል ሕመም" ብሎ ጠራው። ከሁለት ዓመት በኋላ ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎዌንስታይን ሐሳቡን አስፋፍተው፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ በልቡ ሁለት ነገር እንደሚመዝን አስረዱ፤ አንደኛው ከዕቃው የሚያገኘው ደስታ ሲሆን ሁለተኛው ከክፍያው የሚደርስበት ሕመም ነው። ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታም የሚወሰነው በዋጋው ብቻ ሳይሆን ክፍያው ከደስታው ጋር ምን ያህል ተጣብቆ እንደሚታሰብም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ታዋቂ ሥራ፣ ማጣት ያንኑ ያህል ከማግኘት ይልቅ በሰው ልብ ውስጥ ገዝፎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ብዙ ሰው የመክፈልን ሕመም በዚህ ብቻ ያስረዳዋል። ነገር ግን 2,400 ብር በኖትም ወጣ በስልክ ያው 2,400 ብር ነው፤ ጉዳዩ የማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ፒያሳ ላይ ሰባተኛው ኖት ላይ ቆሜ ስልኬን ሳወጣ ልቤ ባልቀለለኝ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ብራያን ናትሰንና ባልደረቦቹ ሰዎች ዕቃና ዋጋ እያዩ ለመግዛት ሲወስኑ አእምሯቸውን በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ዋጋው ከመጠን በላይ የሆነባቸው ሰዎች ኢንሱላ በሚባለው የአእምሮ ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴ ጨምሮ ታይቷል፤ ይህ ክፍል ከአካል ሕመምና ከመጸየፍ ጋርም ይያያዛል። ኢንሱላ ብዙ ሥራ ያለው ክፍል ስለሆነ ከዚህ ተነስቶ "ገንዘብ መክፈል ልክ እንደ መቁሰል ነው" ማለት ግን መቸኮል ይሆናል። ለእኛ የሚበቃን፣ ቅሬታው ከመግዛት በፊት የሚመጣና ውሳኔውን የሚለውጥ መሆኑ ነው።

አራቱን መንገዶች ሳወዳድር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ገንዘቡ የሚወጣው ዕቃው ከመበላቱ ወይም ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ነው፣ አብሮ ነው ወይስ በኋላ? ገንዘቡ ሲወጣ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል? ስከፍልስ ለየትኛው ዕቃ እንደምከፍል አውቀዋለሁ?

ጥሬ ብር

ጥሬ ብር ሦስቱንም ያሟላል፤ ወዲያው ይወጣል፣ ይታያል፣ ለምን እንደወጣም ይታወቃል። ከሁሉም የበለጠ የሚያመውም ለዚህ ነው። ፕሬሌክና ዱንካን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የንግድ አስተዳደር ተማሪዎችን ትኬቱ ተሸጦ ላለቀ የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የጨረታ ዋጋ እንዲሰጡ ጋበዟቸው። ገሚሶቹ የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ እንደሆነ ሲነገራቸው ሌሎቹ በክሬዲት ካርድ እንደሆነ ተነገራቸው። ባለ ካርዶቹ ለዚያው ትኬት ያቀረቡት ዋጋ የባለ ጥሬ ገንዘቦቹን እጥፍ ያህል ነበር።

የኖቱ መጠንም ለውጥ ያመጣል። ፕሪያ ራጉቢርና ጆይዲፕ ስሪቫስታቫ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ትልቅ ኖት ሲይዙ በድምሩ እኩል የሆነ ዝርዝር ሲይዙ ከሚያወጡት ያነሰ ያወጣሉ። ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ "ድፍኑ ከተዘረዘረ አይበረክትም" እያልን ያደግን ሰዎች ነን። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ ያ ድፍን ለጥቂት ጊዜ ከመቶው ይልቅ ያሳሳ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንድ ጉዞና ለአንድ ምሳ ሲዘረዘር ስለሚያልቅ የድፍንነት ክብሩን አጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ድፍን እንደ ፍሬን እንዲያገለግልዎት ከፈለጉ አንድ ኖት ይዞ መውጣት አይበቃም፤ የሳምንቱን የኪስ ወጪ በፖስታ ለይቶ አስቀምጦ ከዚያ ብቻ መምዘዝ ይሻላል።

የጥሬ ብር ሌላው በጎ ጎን ብዙ ጊዜ አይነገርም። አቭኒ ሻህና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች ስኒ በሁለት ዶላር ሸጡ፤ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላም መልሰው እንዲሸጡላቸው ጠየቋቸው። በጥሬ ገንዘብ የገዙት በካርድ ከገዙት ይልቅ ወደ ሦስት ዶላር የሚጠጋ ብልጫ ጠየቁ። ያመመን ነገር ይቀርበናል ማለት ነው። ለልጅዎ ጫማ ሲገዙ ብሩን ልጁ ራሱ ቆጥሮ ለባለሱቁ እንዲሰጥ ቢያደርጉት ጫማውን እንዴት እንደሚይዘው ልብ ይበሉ።

ጥሬ ብርን የምመክረው ቀዳዳ ለሆኑ ወጪዎች ነው። ቀዳዳ የምለው እያንዳንዱ ትንሽ የሆነ፣ በየቀኑ የሚደጋገም፣ ሳይታቀድ የሚወጣ ነው፤ ከሥራ መልስ የሚጠጣው ማኪያቶ፣ ጫት፣ ጁስ፣ ለልጆች ብስኩት፣ በባጃጅ የሚሄዱበት በእግር የሚያዘልቅ መንገድ። በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠራ ሰው ታሪፉን ለረዳቱ በጥሬ ቢከፍል ምንም አይጠቀምም፤ ሄዶ መሥራቱ የማይቀር ነውና ያ ሕመም በከንቱ የሚታመም ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ከሠፈሩ ካፌ የሚያዝዘው ቁርስ ግን በቤትም ሊበላ ይችል የነበረ ነው፤ ጥሬ ብሩ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ነዳጅ በዲጂታል ብቻ እንዲከፈል ስለተደረገ ባለ መኪናና ባለ ባጃጅ በዚህ ላይ ምርጫ የላቸውም፤ ብዙም አያስቆጭም።

ቴሌብርና ሌሎች የሞባይል ገንዘቦች

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሎታል። ሲቢኢ ብርና የየባንኩ መተግበሪያም ተጨምረውበት፣ ዛሬ ሰኞ ገበያ በሚባለው የደሴ ገበያ አትክልት ከሚሸጡት እናቶች ብዙዎቹ ቁጥራቸውን በካርቶን ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል።

ስለ መክፈል ሕመም የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከአሜሪካ የመጣ በመሆኑ አንድ ስህተት ሲደጋገም እሰማለሁ፤ "ካርድ ሰውን ያስወጣል ተብሎ ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ቴሌብርም ያስወጣል" ይባላል። ነገር ግን ሴልቲክስን የተጫረቱት ተማሪዎች የያዙት ክሬዲት ካርድ ነው፤ ሒሳቡ ወር ጠብቆ በአንድ ወረቀት ተጠቃልሎ የሚመጣ፣ ገንዘቡም ገና ከባለካርዱ ኪስ ያልወጣ። ቴሌብር እንዲህ አይደለም። ገንዘቡ የራስዎ ነው፣ ወዲያው ይቀነሳል፣ ብዙ ጊዜ መጠኑን በጣትዎ የሚጽፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ወዲያውም የተከፈለውንና የቀረውን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ዲሊፕ ሶማን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ያለፈ ወጪ ቀጣዩን ወጪ የሚገታው ሁለት ነገር ሲኖር መሆኑን አሳይቷል፤ ከፋዩ መጠኑን መጻፉና ገንዘቡ ወዲያው መቀነሱ። ቴሌብር ሁለቱም አሉት። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2024 በ17 አገሮች የተሠሩ 71 ጽሑፎችን አሰባስቦ የመረመረ ጥናት፣ ከጥሬ ገንዘብ ውጪ መክፈል ወጪን እንደሚጨምር ቢያረጋግጥም ጭማሪው ትንሽ እንደሆነና ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ እንደመጣ ገልጿል።

ታዲያ የእኔ ትራስ ከየት መጣ? ከመልእክቱ አለመነበብ ነው። ስልኬ ጮኸ፣ የቀረኝን ሳላየው አጠፋሁት። ኪስ ሲሳሳ እጅ ያውቀዋል፤ ቴሌብር ሲሳሳ የሚያውቀው የሚያነብ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ በሞባይል የሚከፍል ሰው አንድ ልማድ ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ ከባለሱቁ ፊት ሳይለይ የቀረውን ሒሳብ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ለአንድ ወር ሞክሬው ሁለት ጊዜ ዕቃ ጠይቄ ሳልገዛ ወጥቻለሁ።

የሞባይል ገንዘብ በጣም የሚመቸው አስቀድመው ለወሰኑት፣ ቢያምዎትም ለማይቀሩበት ወጪ ነው። የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእድር መዋጮ፣ ለእናት የሚላክ ወርሃዊ ገንዘብ፣ እነዚህ ሁሉ በጥሬ ቢቆጠሩ የሚያተርፉት ቅሬታ ብቻ ነው። ቁጠባም ከዚሁ ይመደባል። ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ ሠራተኞች ደመወዝ ሲጨመርላቸው ከጭማሪው ላይ ቁጠባቸው አብሮ እንዲያድግ አስቀድመው ተስማምተው፣ የቁጠባ መጠናቸው በ40 ወራት ውስጥ ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ማደጉን ጽፈዋል። ምሥጢሩ ያልጨበጡት ገንዘብ ስለማያሳሳ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ የሚሄድ ገንዘብ ካለዎት እጅዎ ሳይነካው ይሂድ።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሰንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀምሯል። ከነዚህ ውስጥ እንደኪሴን ለይቼ ላንሳ፤ ሒሳብዎ ለክፍያው ሲያጥር ጉድለቱን በአገልግሎት ክፍያ ይሸፍናል። ሐኪም ቤት ለቆመ ሰው መፍትሔ ነው። ለዕለት ሸመታ ግን "ቀሪ ሒሳብዎ አይበቃም" የሚለውን መልእክት፣ ማለትም የመጨረሻውን ፍሬን፣ ያነሳል፤ ስለዚህ ለሸመታ አልመክረውም። ከወለድ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ለሚያሳስባቸው ብዙ የከተማችን ሰዎች ደግሞ ጥያቄው ከዚህም በፊት ይጀምራል፤ እሱን ለሚያውቁት መተው ይሻላል።

ዱቤ

የአሜሪካውን ክሬዲት ካርድ ደሴ ላይ ፈልጉ ብባል የማሳየው ስልክ ሳይሆን የሠፈር ሱቅ ደብተር ነው። ጠርዙ በዘይት የራሰ፣ በእስክሪብቶ ጽሑፍ የተሞላ፣ ከመደርደሪያው ሥር የሚወጣው ያ ደብተር ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አያሟላም። ገንዘቡ ሲወጣ አይታይም፤ የሚከፈለው ስኳሩ ከሟሟ፣ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወር ሲሞላ የሚጠየቁት ደግሞ በአንድ ድምር ስለሆነ ለየትኛው ዕቃ እንደሚከፍሉ አያውቁም።

እኔ ለሦስት ዓመት ያህል የዱቤ ደንበኛ ነበርኩ። ባለሱቁ ሽበታም ሐጂ ናቸው፤ ልጄን ልኬ ሳሙና ሳስመጣ፣ እግረ መንገዴን ፓስታ ሳነሳ፣ "ሐጂ፣ ይጻፍልኝ" ስል "አብሽር" ብለው ይጽፋሉ። ደመወዝ ሲገባ ደብተሩን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡልኛል፤ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ቲማቲም ድልህ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ብስኩት፣ ብስኩት። አንድ ቀን ሦስተኛው ብስኩት ላይ አስቆምኳቸውና "ይሄ መቼ ነው?" አልኩ። ቀኑን አሳዩኝ፤ ልጄን ልኬ ያስመጣሁበት ቀን ነው፣ ስለ እያንዳንዱም ትክክል ናቸው። ያን ቀን የተሰማኝ ቅሬታ ብስኩቱን ስገዛ ሊሰማኝ ከሚገባው የባሰ ነበር፤ ሆኖም ምንም ሊከላከልልኝ አልቻለም፣ ብስኩቱ ከተበላ ሁለት ሳምንት አልፎታልና። የዱቤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሕመሙን አያጠፋውም፤ ውሳኔ በማይለውጥበት ቀን ያመጣዋል።

ሁለተኛው ጉዳት ይሉኝታ ነው። ደብተር ያለው ሰው በዋጋ አይከራከርም፤ ያው ዘይት ሁለት በር አልፎ በርካሽ እንደሚሸጥ እያወቀም በጥሬ ገዝቶ በሐጂ በር ማለፍ ያፍራል። "ዛሬ በጥሬ፣ ነገ በዱቤ" የሚል ጽሑፍ የሰቀለ ባለሱቅ ደንበኛውን ከዚህ ሁሉ እንደገላገለው ይቆጠራል፤ ጽሑፉን ሲያዩ ቅር የሚሰኙ ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ወደ እንዲህ ያለው ሱቅ መሄድ ጀምሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ብልም ዱቤን የሚያወግዙ ጽሑፎች የሚዘነጉት አንድ እውነት አለ። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠራ፣ ደመወዙ በወር አንዴ የሚመጣ፣ ዕድሜው ለጋ የሆነ ሠራተኛ ወር ሳይሞላ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ደብተሩ የችግር ቀን ዋስትና ነው፤ ወለድ የሌለበት፣ ፎርም የማይሞላበት፣ በዓይን መተዋወቅ ላይ ብቻ የቆመ። ስለዚህ "ይተዉት" አልልም። ዱቤ ካስፈለገዎት ግን በሦስት መልክ ያሻሽሉት። ባለሱቁ ሲጽፉ እርስዎም በራስዎ ደብተር ዕቃውን ከነዋጋው ይጻፉ፤ የሶማን ጥናት ስለ መጻፍ ያለው እዚህ በደንብ ይሠራል። በወር ሳይሆን በየሳምንቱ ይክፈሉ፣ ሕመሙ ለብስኩቱ ይቀርበዋል። ከሁሉም በላይ ግን ለዱቤ የሚፈቀዱትን ዕቃዎች አስቀድመው ለባለሱቁ ይንገሩ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና ብለው ይወስኑና ከዚያ ውጪ ያለውን ልጅ ሲጠይቅ እንዳይሰጡት ይስማሙ። ሐጂ ይህን ስነግራቸው ሳቁና ከስሜ አጠገብ "ብስኩት የለም" ብለው ጻፉ።

ቅድሚያ ክፍያና እቁብ

ፕሬሌክና ሎዌንስታይን ሰዎችን ስለ ሁለት ግዢ ጠይቀው ነበር። አንደኛው የዕረፍት ጉዞ ነው፣ ሌላው የልብስ ማጠቢያ ማሽን፤ ሁለቱም በስድስት ወርሃዊ ክፍያ የሚከፈሉ። አብዛኞቹ ጉዞውን ከመሄዳቸው በፊት ከፍለው መጨረስን ሲመርጡ ማሽኑን ግን ከተረከቡ በኋላ መክፈልን መረጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉዞ ሲያልቅ የሚቀረው ትዝታ ብቻ ነው፣ ላለፈ ደስታ መክፈል ደግሞ ይመርራል። ማሽኑ ግን በከፈሉ ቁጥር እየሠራ ስለሚታይ ሕመሙን ያስታግሳል።

ይህን ለእኛ ኑሮ ስናመጣው፣ ሰርግ፣ የአረፋ በግ፣ የገና ቅርጫ አስቀድመው ቢከፈሉ ይሻላል። ቅርጫ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ መዋጮው በሬው ከመገዛቱ በፊት ይሰበሰባል፣ ሥጋው ሲመደብ ማንም ስለ ብር አያነሳም። ለበዓል ተበድሮ ከበዓል በኋላ መክፈል ግን በብስኩቴ ላይ የደረሰውን በበግ ማድረስ ነው። በባጃጅ ስንሄድም ሳንሳፈር ዋጋ የምንቆርጠው ልማድ ጥሩ ነው፤ ታክሲ ላይ ቆጣሪ በሚሠራባቸው ከተሞች ተሳፋሪው መንገዱን ከማየት ይልቅ ቁጥሩ ሲሮጥ ሲያይ ይከርማል። ወርሃዊ ያልተገደበ የኢንተርኔት ጥቅል ብዙ ሰው የሚመርጠውም በከፊል ለዚህ ነው፤ በአነስተኛ ጥቅል ሊያብቃቃ የሚችል ሰው እንኳ ቀሪ ሜጋባይት እየቆጠረ ከሚያወራ ለሰላሙ ይከፍላል።

ቅድሚያ ክፍያ የራሱ ወጥመድ አለው። ጆን ጎርቪልና ሶማን እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳመለከቱት፣ የከፈሉት ገንዘብ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ የስፖርት ማዘውተሪያ ደንበኞች በከፈሉበት ወር በብዛት መጥተው ከዚያ በኋላ እየቀሩ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ጂም፣ የቋንቋ ትምህርት ወይም የልጅ ማስጠኛ ከሆነ "የስድስት ወሩን ከከፈሉ ቅናሽ አለ" ቢባሉም በየወሩ ይክፈሉ፤ ቅሬታው በየወሩ እየቀሰቀሰ ይወስድዎታል።

እቁብን ብዙዎች እንደ ቁጠባ ብቻ ያዩታል። ከሥነ ልቦናው አንጻር ግን አንድ እቁብ ሁለት ነገር ነው። ዕጣው መጀመሪያ ለወጣለት ሰው የቀረው ክፍያ ሁሉ ዕዳ ነው፤ መጨረሻ ለሚደርሰው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ስለዚህ እቁብ ሲገቡ የሚገዙትን አስበው ተራዎን ይደራደሩ። ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት ማሽን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች ይፈልጉ፤ ዕቃው እየሠራ የቀረውን መዋጮ ያስረሳዎታል። ለሰርግ ከሆነ የመጨረሻውን መውሰድ ለልብ ይቀላል። ለኪስ ግን ላይቀል ይችላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የመጨረሻ ዕጣ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ያሰቡትን ዕቃ ያሰቡትን ያህል አላገኙም። ዋጋ በሚጋልብበት ጊዜ የልብ ምቾት ከዕቃው ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት፤ በዚህ ላይ የእኔ ዝንባሌ ቋሚ ዕቃን ቶሎ መግዛት ነው።

እርስዎ ማን ነዎት?

እስካሁን የተባለው ሁሉ በከፋዩ ጠባይ ይለወጣል። ስኮት ሪክ፣ ሲንቲያ ክራይደርና ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ13,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ መክፈል ከመጠን በላይ የሚያማቸው ሰዎች ከማያማቸው ሰዎች ሦስት ለሁለት ያህል እንደሚበልጡ አገኙ። የመጀመሪያዎቹ ቆጣቢዎች አይደሉም፤ ቆጣቢ ሰው መቆጠብ ያስደስተዋል፣ እነዚህ ግን መክፈል ያማቸዋል። የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሳይገዙ የሚመለሱ፣ ክረምቱን ሙሉ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጡ ጃኬት አይተው ብቻ የሚያልፉ ናቸው። በዚያው ጥናት ውስጥ ለአንድ አገልግሎት የሚጠየቀው 5 ዶላር "ትንሽ የ5 ዶላር ክፍያ" ተብሎ ሲጻፍ እነዚህ ሰዎች በቀላሉ መስማማት ችለዋል፤ መክፈል በማያማቸው ሰዎች ላይ ግን "ትንሽ" የሚለው ቃል ለውጥ አላመጣም።

እርስዎ እንደዚህ ከሆኑ ከላይ ስለ ጥሬ ብር የጻፍኩትን ይገልብጡት። በስልክ ይክፈሉ፣ ለልብስና ለሕክምና የተለየ ሒሳብ ይክፈቱና ገንዘቡ እዚያ ሲገባ እንደወጣ ይቁጠሩት፤ በኋላ ሲከፍሉ የሚያመው ይቀንሳል። ባልና ሚስት ሁለት ዓይነት ከሆኑ ደግሞ፣ ይህም በብዙ ቤት ያለ ነው፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ እንዲከፍሉ አያስገድዱ። እጁ የሚፈታው የሳምንቱን ሸመታ በፖስታ ባለው ጥሬ ብር ያድርግ፣ ሌላኛው የኪራይና የትምህርት ቤቱን በስልክ ይያዝ። በእኛ ቤት ትራሱን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ፖስታው የደረሰው ለእኔ ነው።

ይህን ለመሞከር ከፈለጉ በዓልና የትምህርት ቤት ምዝገባ የማይገጥሙበትን ወር ይምረጡ። አረፋ ወይም ገና ባለበት ወር ቢጀምሩት ፖስታው በሦስተኛው ቀን ባዶ ይሆንና መንገዱ አልሠራም ብለው ይተዉታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ የሚያወጡትን ብቻ ይጻፉ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ቀዳዳ ሆነው ያገኟቸውን ሁለት ወጪዎች ብቻ ወደ ጥሬ ብር ያዛውሩ። የዱቤ ደብተር ካለዎትም መጀመሪያ የቆየውን ሒሳብ ይዝጉ፤ ካልሆነ ያለፈው ወር ብስኩት ከአዲሱ ፖስታ ይከፈላል።